ደሴ ላይ ሉምፒያ በጭስ ዓሣ፣ ያውም በሐይቅ ቆሮሶ

ደሴ ያላችሁ የዓሣ ወዳጆች ፒያሳ አካባቢ ሉምፒያ የምትሠራዋን ልጅ ቤት ፈልጉና ግቡ፣ በሩ ላይ ስም የለውም ግን የነጭ ሽንኩርትና የጭሱ ሽታ ራሱ ይመራችኋል። ሉምፒያ ፊሊፒኖች ልደት በሉት ሠርግ በሉት ከድግስ የማያስቀሩት በዘይት የሚጠበስ ጥቅል ነው፣ መነሻው ከቻይና ፉጂያን ሄደው እዛ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ልጅቷ ቤሩት ስትሠራ አብረዋት ከነበሩ ፊሊፒኖች ነው የለመደችው።

ሰው ገና ሲያየው ያው ሳምቡሳ ነው ይላል። በጭራሽ! የሳምቡሳው ሊጥ ራሱ ሆድ ይሞላል፣ የዚህ ግን ስስ ከመሆኑ የተነሳ ጥሬውን ብርሃን ላይ ስትይዘው ከጀርባው የእጇ ጣት ይታያል፣ ለዛም ነው እየጠቀለለች ቀሪውን በእርጥብ ጨርቅ የምትሸፍነው፣ ትንሽ ንፋስ ከነካው ደርቆ ይሰነጠቃል። ጫፉን የምታጣብቀው በእንቁላል ሳይሆን በዱቄትና ውሃ ነው፣ እና በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው ሳይሳቀቅ መብላት ይችላል።

ዋናው ግን ውስጡ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ቲናፓ የሚባል ጭስ የገባበት ዓሣ አለ፣ ካቪቴ በሚባለው ክፍለ ሀገር ያለችው የሮዛሪዮ ከተማ በሱ የታወቀች ናት፣ ዓሣውን በጨው ይዘው ያንጠፈጥፉትና ጭስ ላይ ያደርጉታል። የኛዋ ልጅ ደግሞ የሐይቅን ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) ይዛ ያንኑ አካሄድ ትከተላለች፣ ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ትኩሱ ይደርሳታል፣ ጨው ይዞ ያድራል፣ ውሃው ይንጠፈጠፋል፣ ከዛ በወይራ ይታጠናል። እናቶቻችን የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት ያ ወይራ! የመጀመሪያዋን ስትገምጡ ቀጭኑ ሊጥ ኮሽ ብሎ ይሰበርና ከኋላ ያ የወይራ ጭስ ቀስ ብሎ አፍንጫ ውስጥ ይወጣል፣ እኔ ወሎ ውስጥ ዓሣ እንዲህ ተሠርቶ በልቼ አላውቅም። አጥንት እንዳለው ጠየቅኳት፣ "አብሽር ወንድሜ፣ በጣቴ ዳብሼ ነው የማወጣው" አለችኝ፣ እውነትም አንድም አላገኘሁም። ዓሣው ላይ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ አለበት፣ ጎመኑን ቀድማ በጨው አሽታ ውሃውን ስለምትጨምቀው ውስጡ አይረጥብም።

ማባያው ላይ ግን እንከራከራለን። ሳትጠየቅ የምታቀርበው የጠርሙስ ጣፋጭ ሶስ ነው፣ እሱ ጭሱን ያጠፋዋል፣ እባካችሁ አቼቶውን በሉኝ በሏት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃርያ የተከተፈበት አቼቶ አላት፣ ፊሊፒኖችም በኮምጣጤ ያጣቅሱታል፣ የዓሣውን ቅባት ቁርጥ ያደርግላችኋል። ሌላው ሰኞ ገበያ ቀን ሲጨናነቅ ድስቱ ውስጥ አንዴ ብዙ ትጨምራለች፣ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ስሱ ሊጥ ዘይት ይጠጣል፣ ያን ቀን የቀረበልኝ እጅ ላይ ዘይት ያንጠባጥብ ነበር፣ ትንሽ ትንሽ እየጨመረች ብትጠብስ ወረፋውን ሁላችንም እንችለዋለን። ቱና ዓሣ ያለበትም አለ፣ ርካሽ ነው ግን እሱን ለመብላት እዛ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

የጭስ ዓሣው ከሰዓት ላይ ስለሚያልቅ ከምሳ በፊት ድረሱ። ወደ ቤት ከወሰዳችሁ ፌስታል ውስጥ እንዳትቋጥሩት፣ በእንፋሎቱ ይልፈሰፈሳል፣ ወረቀት ላይ አድርጊልኝ ካላችኋት ታደርግላችኋለች፣ አቼቶውን በትንሽ ብልቃጥ ለብቻ ትሰጣለች።