ዘ ኢግል ወይስ ሃንድ ኤንድ ፍላወርስ?

የእንግሊዝ ፐብ ሲባል ቢራና ድንች ጥብስ ብቻ የሚመስለው ሰው አሁንም አለ። ይህን ከቀየሩት ቀዳሚው ለንደን፣ ፋሪንግደን ሮድ ላይ ያለው ዘ ኢግል ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ዴቪድ አይርና ማይክል ቤልበን ሲከፍቱት ኩሽናውን እዚያው ባንኮኒው ጋ አደረጉት። የምግቡ ዝርዝር ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። ሲያልቅ ይሰረዛል፣ በቃ። አስተናጋጅ ወደ ጠረጴዛዬ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ባንኮኒው ላይ ሄዳችሁ ነው የምታዙት። ዓመታት ቢያልፉም ከሰሌዳው ያልጠፋው ስቴክ ሳንድዊቹ ነው፤ ሥጋው በወይንና በነጭ ሽንኩርት ተዘፍዝፎ ይጠበሳል። ከጎኑ አንድ ፓይንት፣ ማለትም 568 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ ይበቃል።

ሃንድ ኤንድ ፍላወርስ ሌላ ዓለም ነው። ያለው ከለንደን ወጣ ብላ በምትገኘው የማርሎው ከተማ ነው፤ ከለንደኑ ፓዲንግተን ባቡር ጣቢያ ተነስታችሁ ሜይደንሄድ ላይ ባቡር ትቀይራላችሁ። ሼፍ ቶም ኬሪጅና ባለቤቱ ቤዝ እ.ኤ.አ. በ2005 ከፈቱት። ምግብ ቤቶችን በኮከብ በሚመዝነው የሚሽሊን መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2012ቱ እትም፣ ሁለት ኮከብ ያገኘ የመጀመሪያው ፐብ ሆነ። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ የድሮ ፐብ መልክ ያለው ነው። ሒሳቡ ግን የትልቅ ሬስቶራንት ነው። ቦታም አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

ለጋብቻ በዓል ማርሎው ይሻላል። ከጓደኛ ጋር ለመጫወት ግን፣ ለእኔ፣ ኢግልን የሚያህል የለም። ጫጫታው ያስቸግራል፤ ወሬ የምትፈልጉ ከሆነ ከምሳ ሰዓት ግርግር በፊት ድረሱ።