የእንጨት ወይስ የፍግ ባዮቻር? ከመግዛትዎ በፊት አፈርዎን ይወቁ

ባዮቻር እንጨት፣ የሰብል ተረፈ ምርት ወይም ፍግ ኦክስጅን እጅግ ባነሰበት ሁኔታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ350 እስከ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ሲከስል የሚገኝ፣ ወደ አፈር የሚጨመር ምርት ነው። ሁሉም በአንድ ስም ቢሸጥም፣ ከምን እንደተሠራ የማይገልጽ ሻጭ ከገዢው ዋናውን ነገር ደብቋል።

ከእንጨት የተሠራው በካርቦን የበለጸገ፣ አመዱም ጥቂት ነው፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውሃና ንጥረ ነገር ስለሚይዙ፣ ውሃ ቶሎ ለሚያሰርግ አሸዋማ አፈር ከሁሉም አስቀድሜ የምመርጠው እሱን ነው። ይሁን እንጂ በራሱ ማዳበሪያ አይደለም። ከፍግ የተሠራው በአንጻሩ ካርቦኑ አነስ ያለ ቢሆንም ፎስፈረስና ፖታሽየም ስላለው፣ ለምነቱ ለተሟጠጠና አሲዳማ ለሆነ አፈር ይበልጥ ይስማማል። አመዱ ብዙ በመሆኑ የአፈሩን ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ከፍ ሲል አሲዳማነቱ ይቀንሳል) ከፍ ስለሚያደርግ ግን፣ አፈሩ ቀድሞውኑ አልካላይን (የአሲዳማ ተቃራኒ) ወይም ጨዋማ ከሆነ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። ከሩዝ ቅርፊት የሚሠራው ቀላልና ልል ስለሆነ ለችግኝ ማፍያ አፈር ይሆናል።

ሌላው ምርጫ ጥሬውን፣ ማለትም ምንም ያልተቀላቀለበትን ባዮቻር፣ ወይም ከኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ የተዘጋጀውን መግዛት ነው። ጥሬው ብቻውን ሲጨመር በአፈር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ለጊዜው ሊይዝና ሰብሉን ሊያቀጭጭ ይችላል። የተቀላቀለው ይህ ስጋት ያነሰበት ነው፤ ነገር ግን ከከረጢቱ ውስጥ ምን ያህሉ ባዮቻር እንደሆነ ማረጋገጥ ያስቸግራል። ስለዚህ ጊዜ ላለው ሰው ጥሬውን ገዝቶ ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ለጥቂት ሳምንታት አርጥቦ ማቆየቱ የተሻለ ይመስለኛል።

ጥራቱን ለመፈተን ጥቂቱን በጣት ማሸት ይጠቅማል፦ በደንብ የከሰለው ይፈረፍራል፣ ጥቁረቱም በውሃ ብቻ ይለቃል፤ የሚያጣብቅ፣ ቅባት የሚተውና የጭስ ሽታ ያለው ከሆነ ግን ቃጠሎው አልተሟላም፣ ሬንጅ መሰል ቅሪቱም ለዘር ብቅለት ጎጂ ሊሆን ይችላል። ብናኙ እንዳይነሳ ሲባል ውሃ ስለሚረጭበት፣ ዋጋ የሚነጻጸረው በደረቅ ክብደት ወይም በይዘት መጠን (በሊትር) እንጂ በእርጥብ ኪሎ መሆን የለበትም።

ለአንድ ካሬ ሜትር 1 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ለአንድ ሄክታር 10 ቶን፣ የተለመደ መጠን ነው፤ አንዴ ከአፈር ጋር የተቀላቀለ ባዮቻር ተመልሶ ስለማይወጣ፣ በመጀመሪያ በትንሽ መደብ ላይ ሞክሮ ያልተጨመረበትን መደብ ከጎኑ ማስቀረት ይገባል።