ወንበር ያድሳል ተብሎ የሚሸጠውን "ፈሳሽ ቆዳ" ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ሰላም ወገኖች፣ የመኪናችሁ ወንበር ተልጦ ወይ ተቀዶ "በ20 ደቂቃ ራሳችሁ አድሱት" የሚል ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ አይታችሁ ቴሌብር ልትከፍቱ ከሆነ እባካችሁ ትንሽ ቆዩ። እኔ ከፍዬበት ነው የምነግራችሁ።

መኪናዬ የቆየች ኮሮላ ናት፣ ወንበሯ ከፋብሪካ ሲመጣ ጨርቅ ነው፣ ከአራት አመት በፊት ግን ከላዩ ሌዘር አልብሼው ነበር፣ ሌዘር የምንለው ያው ሰው ሰራሹን ነው። የሹፌሩ ወንበር በበር በኩል ያለው ጎኑ፣ ያ ስንገባና ስንወጣ ሁሌ የምንታሸው ቦታ፣ መጀመሪያ ተሰነጣጠቀ ከዛ እንደ ቅርፊት እየተነሳ ሱሪ ላይ መለጠፍ ጀመረ በመጨረሻም መዳፍ የሚያክል ቦታ ተቀዶ ስፖንጁ ወጣ። ሙሉ ልብስ ላሰፋ ብዬ ስጠይቅ የተጠራልኝ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ብዙ ሰውም እዚህ ነገር ውስጥ የሚገባው በዚሁ ምክንያት ስለሆነ ነው የሚያናድደኝ፣ ብር የተረፈው ሰው አይደለም የሚገዛው።

ይሄን ፈሳሽ ቆዳ የሚሉትን የሚቀባ ሙሌት አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ 3,200 ብር ብለው አዘዝኩ። ሞተረኛ ይዞት መጣ፣ ሳትከፍል መክፈት አይቻልም አለኝ ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ስለው የለም። ውስጡ ሰባት ትንንሽ ብልቃጥ ቀለም፣ የቆዳ መስመር የታተመበት ወረቀት፣ ቁራጭ ጨርቅና የፕላስቲክ ማንኪያ ነገር። ከምን እንደተሰራ የሚል ጽሁፍ የለውም፣ ማጽጃ የለውም፣ የብርጭቆ ወረቀትም የለውም።

ቪዲዮው ላይ እንዳየሁት አደረግኩ፣ እንደውም ከሱ በላይ ተጠንቅቄ። ጠረግኩት፣ ጨርቁን ከስር አስገባሁ፣ ቀባሁ፣ ወረቀቱን አስቀምጬ በካውያ አሞቅኩት፣ አንድ ሌሊት ተውኩት። ጠዋት ሳየው እውነት ለመናገር ያምር ነበር። በሶስተኛው ቀን መሀሉ ላይ ተሰነጠቀ፣ በሳምንቱ ከነ ዙሪያው ተነስቶ መጣ፣ ቀዳዳው ከበፊቱ ሰፋ። የጋቢናውንም ትንሽ ስንጥቅ በዛው ቀብቼው ነበር፣ በ21 እናቴን ማርያም ላሳልማት ይዣት ስሄድ ፀሀይ መቶት ለስልሶ ኖሮ ነጠላዋ ላይ ጥቁር ቀለም አተመባት። በረኪናም አላስለቀቀውም። ያ ነጠላ እህቴ ለፋሲካ የገዛችላት ነበር።

ደወልኩ። በደንብ ስላላጸዳኸው ነው አሉኝ፣ ፎቶ ላክሁ፣ ከዛ ብሎክ አደረጉኝ። ቻናሉ ላይ ኮሜንት መጻፍ እንደማይቻል ያኔ ነው ልብ ያልኩት።

ለምን እንደማይሰራ የገባኝ በኋላ ነው፣ ሰፈር ውስጥ የወንበር ልብስ የሚሰፋ ልጅ ጋ ስሄድ አገላብጦ አሳየኝ። ሰው ሰራሹ ሌዘር ማለት ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው፣ ሙቀት ላብና እርጥበት ሲቆይበት ሽፋኑ ራሱ ይበሰብሳል፣ አንዴ መላጥ ከጀመረ አጠገቡ ያለው ደህና የሚመስለውም ደክሟል። ስለዚህ የቀባችሁት ነገር የሚይዘው ነገ የሚነሳ ነገር ላይ ነው፣ ሲነሳ ይዞት ይነሳል። ሌላው ደግሞ ስፖንጁ። ጎኑ ላይ ያለው ስፖንጅ ስለሞተ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ላዩ እጥፍ ይላል፣ እጥፍ የሚል ቦታ ላይ የደረቀ ሙሌት ደግሞ መሰንጠቁ አይቀርም። ቪዲዮዎቹን ድጋሚ እዩዋቸው፣ ቆዳው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚቀባው፣ የሚቀመጥበት ሰው የለም!

የራሳችሁ ምን እንደሆነ ለማወቅ የተቀደደውን ጠርዝ ተመልከቱ። እውነተኛ ቆዳ ከሆነ ውስጡ እስከታች ቃጫ ቃጫ ነው፣ ሰው ሰራሽ ከሆነ ከላይ ስስ ሽፋን ከስር የተሸመነ ጨርቅ ታያላችሁ። እውነተኛ ቆዳ ላይ ለላይ ላዩ ጭረት ጥሩ ሙሌት ይሰራል፣ በአልኮል አጽድቶ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ በስሱ እየደጋገሙ እያደረቁ ነው እንጂ እንዲህ በአንዴ ለጥፎ አይደለም። እንደ ብዙዎቹ ቪትዝና ያሪስ ወንበሩ ጨርቅ ከሆነ ግን ጭራሽ አትሞክሩት።

ልጁ የኔን የሰራው ያቺን ጎን ብቻ ቆርጦ በአዲስ ቀይሮ ነው፣ ከስሯ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ጨመረባት፣ 2,500 ብር። ፈሳሹ የደረቀበት ቦታ መርፌ እየሰበረ ስላስቸገረው ሰፋ አድርጎ መቁረጥ ነበረበት፣ ሳትቀባው ብትመጣ ይቀንስልህ ነበር አለኝ። አንድ ጎን ብቻ ማስቀየር እንደሚቻል ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር፣ እናንተ ግን ሙሉ ዋጋ ሲጠራባችሁ መጀመሪያ ይሄን ጠይቁ።

ራሴ ካልሰራሁ የምትሉ፣ ቀዳዳው ገና ትንሽ ከሆነ ከስር የጂንስ ቁራጭ አስገብታችሁ ሲደርቅ በሚለመጥ ማጣበቂያ ያዙት፣ እንዳይሰፋ ያቆይላችኋል። ሱፐር ግሉ አትንኩ፣ ደርቆ እንደ ጠርሙስ ይሆንና ጠርዙ ራሱ ይቀደዳል። ወንበሩን ማውጣት ካስፈለገ የኔ በአራት ብሎን ነው የታሰረው፣ 14 ቁልፍ ይፈታዋል፣ ግን ከስሩ ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ ነው፣ አደጋ ሲደርስ ተነፍቶ የሚወጣው ከረጢት ማለት ነው። የመኪናውን ቁልፍ አጥፉ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፣ ቶዮታ ራሱ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ ይላል፣ ከዛ ነው ሶኬቱን መንካት። ሶኬቱ ተነቅሎ እያለ ደግሞ መኪናውን እንዳታስነሱ፣ የኤርባግ መብራት ይበራባችኋል።

በጣም የምለምናችሁ ደግሞ ይሄን ነው። የወንበሩ መደገፊያ ጎን ላይ ኤስ አር ኤስ ኤርባግ (SRS AIRBAG) የሚል ምልክት ካለ እዛ ስፌት ላይ ምንም አትቀቡ፣ አትለጥፉ፣ ዙሪያውን የሚሸፍን ከቨርም አታልብሱ። አደጋ ሲደርስ ኤርባጉ የሚወጣው ያንን ስፌት ቀዶ ነው፣ ስፌቱም ለዛ ተብሎ የተሰራ ነው። ለኔ የሸጡልኝ ሰዎች ያንኑ ጎን ሲቀቡ የሚያሳይ ቪዲዮ አላቸው።

ትናንት ያው እቃ ማሸጊያው ሰማያዊ ሆኖ በሌላ ስም በ3,900 ብር ሲሸጥ አየሁት። ሰባት ብልቃጥ፣ አንድ የፕላስቲክ ማንኪያ፣ መስመር ያለው ወረቀት ካያችሁ እሱ ነው።