ጨጓራ ነው ብዬ ለከረምኩበት ሕመም፣ ለአንዲት ነርስ ምስጋና

በባሕር ዳር፣ በእኛ ሰፈር ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ዕቅድ ክፍል የምትሠራ ሲስተር አለች። ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ አልጽፍም፤ ማወቅ የምትፈልጉ እህቶች በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ካልተናገርኩ ዕረፍት አላገኝም።

ትንሹን ልጄን ጡት ካስጣልኩ በኋላ፣ ዓቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ የሚዋጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ ጀመርኩ። እንዳልረሳው ብዬ ጠዋት ትልቁን ወደ ትምህርት ቤት ስሸኝ እውጠዋለሁ። ጾሙ ከገባ ወዲህ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት እህል አልቀምስም። ረፋዱ ላይ ያቅለሸልሸኛል፣ ከሰዓት በኋላ ሆዴ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ድርቀቱም አለ። በቤታችን ጨጓራ የሌለበት ሰው ስለሌለ እኔም ተራዬ ደረሰ አልኩ። አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ነበር፤ ሐኪሙ ምን እንደምውጥ ሳይጠይቀኝ የጨጓራ አሲድ መቀነሻ አዘዘልኝ። ወር ሙሉ ወስጄው ለውጥ አላየሁም። ጎረቤቴ ደግሞ ክኒኑ ሆድ ውስጥ እየተጠራቀመ ነው አለችኝ። ሳቅሁባት፤ ማታ ግን ሆዴን ስዳስስ አደርኩ።

ሲስተር ጋ የሄድኩት ክኒኑን ትቼ ወደ መርፌ ልቀይር ብዬ ነው። እሷ ግን "በስንት ሰዓት ነው የምትውጪው? በላዩ ምን ትበያለሽ?" አለችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ስነግራት ፈገግ አለችና ከማሸጊያው አንድ ፍሬ አውጥታ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ጣለችው። ስለ ልጆቼ ስናወራ ቆይተን ብናየው ሟሙቷል። "ይኸው፣ የሚጠራቀመው ይህ ነው" አለችኝ። ለጎረቤቴ ሄጄ ይህንኑ አሳየኋት።

እንደ ነገረችኝ ከሆነ፣ በክኒኑ ውስጥ ካሉት ሁለት ሆርሞኖች አንዱ፣ ኢስትሮጅን፣ በተለይ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ያቅለሸልሻል፤ ሰውነት ሲለምደው አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወር ውስጥ ይቀንሳል። ሁለተኛው ሆርሞን ደግሞ የአንጀትን እንቅስቃሴ ሊያዘገየው ስለሚችል መነፋትና ድርቀት ሊመጣ ይችላል። የእኔ ማሸጊያ 28 ፍሬ ነው፤ 21ዱ ሆርሞን ሲሆኑ 7ቱ ቡናማዎች ብረት ናቸው። ብረት ያደርቃል፣ ሰገራንም ያጠቁራል። ለካ ያን ሰሞን ደም መስሎኝ የደነገጥኩት ለዚህ ነው! እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና የሚከረፋ ከሆነ ግን ብረት ነው ብለሽ እንዳትተዪው ብላኛለች።

መፍትሔዋ ቀላል ነበር። የነገውን ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ዋጪ፣ ከዚያ ሁልጊዜ ማታ ይሁን አለችኝ፤ ሰዓት ሲቀየር ማስቀደም እንጂ ማዘግየት አይመከርም። ከዋጥኩ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ካስታወከኝ ሌላ ፍሬ እንድወስድ፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ከ2 ቀን ካለፈ ክኒን እንደዘለልኩ ቆጥሬ እንድጠይቃት ነገረችኝ። መርፌውና ክንድ ላይ የሚቀበረው በሆድ በኩል ስለማያልፉ እንዲህ ያለ ስጋት የለባቸውም፤ ምርጫው ግን የራስሽ ነው አለችኝ። ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የደረት ሕመም ወይም የአንድ እግር እብጠት ከመጣ ቀን ሳልቆጥር ሐኪም ዘንድ እንድሄድ አጥብቃ አሳሰበችኝ። በ3 ወር ካልተሻለኝ ጨጓራዬም ይመረመራል።

ማቅለሽለሹ በሁለተኛው ሳምንት ተወኝ። መነፋቱ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ በዓል ላይ የበላሁትን የማውቀው ግን እኔ ነኝ።

አገልግሎቱ በነጻ ነው። ከማንም ጋር ስለማትቸኩል ወረፋዋ ረጅም ነውና በጠዋት ሂዱ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ያዙ፤ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።