የስትሮክ ሕክምና ስታዲየም አካባቢ፦ ድንገተኛ ክፍሉ ጥሩ፣ የሐኪሙ ሥልጠናስ?

ባለፈው ወር አባቴ ቁርስ ላይ ሳሉ የቡና ሲኒው ከቀኝ እጃቸው ወድቆ አፋቸው ጠመም ሲል፣ ስታዲየም አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ወሰድናቸው። ነርሷ «አባባ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉልኝ» ብላ፣ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ጽፋ ወዲያውኑ ወደ ሲቲ ስካን ማስገባቷ የሚያስመሰግን ነው፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለምዶ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና።

ቅር ያሰኘኝ ሌላ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ በብሽሽት ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ከአንጎል ደም ሥር የረጋ ደም የማውጣት አገልግሎት እንዳለ ይናገራል፤ ሐኪሙ የት እንደሠለጠነ ስጠይቅ ግን ያገኘሁት መልስ «ልምድ ያላቸው ናቸው» የሚል ብቻ ነበር። የሕክምናው ጥቅም እ.ኤ.አ. በ2015 በወጡ ጥናቶች ከተረጋገጠ በኋላ፣ ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበራት በ2016 ያወጡት የሥልጠና መመሪያ በነርቭ ሕክምና፣ በነርቭ ቀዶ ሕክምና ወይም በራዲዮሎጂ ስፔሻሊቲ ላይ ተጨማሪ ልዩ ሥልጠና ይጠይቃል። የልብ ደም ሥር በካቴተር (በዚሁ ዓይነት ቀጭን ቱቦ) መክፈት የለመደ እጅ (እንዲህ የሚያስብ ዘመድ አላጣሁም) ለአንጎል ስስ ደም ሥር በራሱ አይበቃም።

አባቴ በመድኃኒቱ ተሽሏቸው ሲኒውን ለጊዜው በግራ እጃቸው ይይዛሉ። ለድንገተኛ ክፍሉ 5 ከ5 ሰጥቻለሁ፤ ለቱቦው አገልግሎት ግን የሐኪሙን የሥልጠና ማስረጃ እስካይ ድረስ ነጥብ አልሰጥም።