የክርስትና ልብስ ጥቅል፦ ለካህኑ እጅ የሚመቸው የትኛው ነው?

በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ገበያ «ሙሉ የክርስትና ዕቃ» እየተባለ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ ቀሚስ፣ ቆብ፣ ነጠላ፣ ማተብና ጧፍ ይይዛል። ሁለት ዓይነት አለ፦ ከውጭ የገባ የሚያብረቀርቅ ፖሊስተር እና የአገር ሸማኔ የሠራው ጥጥ። ዐይን የሚስበው ፖሊስተሩ ነው፤ ክርስትና ቤት ሲገባ የሚያስቸግረውም እሱው ነው።

ለምን ቢሉ ሥርዓቱን መከተል ይበቃል። ክርስትና የሚያነሣው ሰው በሕፃኑ ፈንታ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነቱን ይመሰክራል። ሕፃኑ ራቁቱን በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ይጠመቃል። ካህኑ ከግንባሩ ጀምሮ 36 ቦታ ላይ ሜሮን የተባለውን ቅዱስ ቅባት ይቀባዋል። ነጩ ልብስ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ማተቡ ይታሰርና ሥጋ ወደሙ ይቀበላል። ልብሱ እንግዲህ የሚያርፈው ገና ውኃውና ሜሮኑ ባልደረቀበት ገላ ላይ ነው። ጥጥ እርጥበቱን ይመጣል፤ ፖሊስተር ግን ውኃ እምብዛም ስለማይመጥ እርጥበቱ ገላው ላይ ይቀራል። የደብረ ማርቆስ ማለዳ ብርድ ላይ ደግሞ ይህ ጨርቅ እርጥብ ገላ ላይ ተለጥፎ ሕፃኑን ያንዘፈዝፈዋል።

ስፌቱን ከጨርቁ በላይ እዩት። ሕፃኑ ለቁርባን ሲባል ጡት ስላልጠባ ያለቅሳል፣ ይታገላል፤ በጭንቅላት የሚጠለቅ ጠባብ አንገት ያኔ ጣጣ ነው። ከኋላ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ በክር የሚታሰር ይሻላል። የሴቶቹ ቀሚስ ጀርባ ላይ የሚገባው ዚፕ የለስላሳ ቆዳ ጠላት ነው። ጥለቱም ከታች ጠርዝ ላይ ብቻ ይሁን፤ ደረትና አንገት ላይ ያለ ጥልፍ ይፍቃል። ከቤት አልብሰው የሚያመጡም አሉ፤ ያኔ ከውኃው በፊት ይወልቃል፣ በግርግር መሬት ላይ ይጣላል፣ በኋላም የቆሸሸውን መልሰው ያለብሱታል። ታጥፎ በንጹሕ ነጠላ ይያዝ።

ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስለሚጠመቁ ልካቸው አንድ አይደለም፤ ቁመታቸው በግምት 55 እና 58 ሴንቲ ሜትር ነው። ጥቅሉ ግን በአንድ ልክ ይሸጣል። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ሰፋ ያለውን ውሰዱ፤ በኋላ ለሚቆርብበት ቀን ሁሉ ያገለግላል። ቆቡ ብዙም ጥቅም የለው።

ማተቡ ከሁሉም ደካማው ዕቃ ነው። የናይለን ክር ሲታሰር ይንሸራተታል፣ ላብ ሲነካው አንገት ይልጣል። በእጅ የተፈተለ የጥጥ ክር ለብቻው ግዙ፤ ሲታሰር ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን፣ ተርፎ የሚንጠለጠል ጫፍም አይኑረው። የብረት መስቀሉን ሕፃኑ ከፍ እስኪል አቆዩት።

አንዳንድ ነጋዴ «ያለዚህ ክርስትና አይነሣም» ይላል፤ ይህ የገበያ ወሬ ነው። ጌታ ለኒቆዲሞስ የነገረው ከውኃና ከመንፈስ ስለ መወለድ ነው (ዮሐ. 3፥5)፤ የጨርቅ ዓይነት አልጨመረም። ነጩ ልብስ የተገኘውን ንጽሕና ያሳያል እንጂ ንጽሕናውን አይሰጥም። ለሞት የሚያሰጋ ሕመም የያዘው ሕፃን 40 ወይም 80 ቀን ሳይጠበቅ ይጠመቃል፤ ያኔ የቤት ነጠላ ይበቃዋል። በጸሎተ ሃይማኖት «አንዲት ጥምቀት» ስለምንል «ልብሱ ሲሟላ ይደገማል» የሚባል ነገርም የለም። ልብስ አልተገዛም ብሎ ቀን የሚያራዝም ወላጅ ትልቁን ለትንሹ እያስያዘ ነው።

በአጭሩ ጥቅሉን ትታችሁ ቀሚሱን ከሸማኔ፣ ማተቡን ለብቻው ግዙ። ልብሱን ከመጠመቁ በፊት አንድ ጊዜ እጠቡት፤ አዲስ ሸማ ይሻክራል። ከሥርዓቱ በኋላ ግን ሜሮን ስለነካው ከሌላ ልብስ ጋር አይዘፍዘፍ፤ ለብቻው በእጅ ይታጠብ፣ እጣቢውም ሰው በማይረግጠው ቦታ ይፍሰስ።