ሺንግል ወይስ ቆርቆሮ? ለአዲስ አበባ መኖሪያ ቤት ጣሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚያሠራ ሰው ጣሪያ ላይ ሲደርስ ሦስት ምርጫ ይቀርብለታል፦ ተራው ባለ ሞገድ ቆርቆሮ፣ ቀለም ቅቡ ኢጋ፣ ከውጭ የሚመጣው የአስፋልት ሺንግል። ለአብዛኛው መኖሪያ ቤት የምንመርጠው 28 ጌጅ (ጌጅ የቆርቆሮ ውፍረት መለኪያ ነው) ኢጋ ነው።

ሺንግል መጥፎ ዕቃ ሆኖ አይደለም። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲወርድበት ጸጥ ይላል፤ ብዙ እጥፋትና ማዕዘን ያለው ጣሪያም ላይ ብዙ ቁርጥራጭ ሳይባክን ይለበሳል። ጣጣው ያለው ከሥሩ ነው። እንደ ቆርቆሮ ሞራሌ (አግድም የሚመታ የጣሪያ እንጨት) ላይ አይመታም፤ መጀመሪያ ጣሪያው በሙሉ በጣውላ ወይም በፕላይውድ ይለበጣል፣ ከዚያ ውሃ የማያሳልፍ ምንጣፍ ይነጠፍበታል። ሺንግሉ ብቻውን በካሬ ሜትር ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ፕላይውዱ ሲጨመር ወደ 20 ይጠጋል። 28 ጌጅ ቆርቆሮ ግን ሞገዱና መደራረቢያው ተቆጥሮ 4 ኪሎ ገደማ ነው። ለቆርቆሮ ተብሎ በቀጭን ባሕር ዛፍ የተሠራ ተሸካሚ ላይ ሺንግል ከተጫነበት መጉበጡ አይቀርም። የከፍታው ፀሐይም ሬንጁን ቀስ በቀስ ያደርቀዋል። አሸንዳው ውስጥ እንደ ጥቁር አሸዋ የሚጠራቀም ፍርፋሪ ካያችሁ ሺንግሉን ከፀሐይ የሚከልለው ልባሱ እየተራገፈ ነው። የዝናብ ውሃ በሮቶ ለሚያጠራቅም ቤትም ቆርቆሮ ይሻላል።

ጌጅ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፦ 28ቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን 35ቱ ግማሹን ያህል ነው። ቆርቆሮው ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ አትመኑ፤ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ከ1 ሜትር ስፋት ላሜራ የተሠራ የ2 ሜትር ቆርቆሮ 28 ጌጅ ከሆነ 6 ኪሎ ያልፋል፤ 3 ኪሎ ከሆነ የያዛችሁት 35 ነው። ሠራተኛ ሲረግጠው የሚጎደጉደው፣ ንፋስ ከምስማሩ ሥር የሚቀደው ይኸኛው ነው። ለ28ቱ 5 በ7 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ በየ90 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ለቀጭኑ ሞራሌውን ማቀራረብ ግድ ስለሚሆን ከቆርቆሮው የተረፈው ገንዘብ ለእንጨት ይሄዳል።

ኢጋ ከተራው የሚበልጠው በቀለሙ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሚፈለገው ርዝመት ተቆርጦ ይመጣል። ቁልቁለቱ 5.6 ሜትር፣ ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነ አንድ የጣሪያ ጎን እንውሰድ። በ2 ሜትር ቆርቆሮ 20 ሴንቲ ሜትር እያደራረባችሁ ሦስት ረድፍ ትመታላችሁ፤ አንዱ ከተደረበ በኋላ 80 ሴንቲ ሜትር የሚሸፍን ከሆነ በረድፍ 15፣ በድምሩ 45 ቆርቆሮ ይፈጃል፤ ሁለት አግድም መደራረቢያም ይኖራል። ውሃ ወደ ኋላ የሚሰርገው በእነዚህ መደራረቢያዎች ነው፣ በተለይ ጣሪያው በቂ ቁልቁለት ከሌለው። ኢጋ ግን ከአናት እስከ አሸንዳ አንድ ወጥ ነው። ስትገዙ ጠቅላላ ስፋቱን ሳይሆን ከተደረበ በኋላ የሚሸፍነውን ጠይቁ፤ ሒሳብ የሚዛባው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ምስማር። ጣሪያ መሃል ሜዳ ላይ አያፈስም፤ ከመደራረቢያው ሌላ የሚያፈሰው ምስማሩ ጋ ነው። ምስማር ሁልጊዜ ጉብታው ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ውስጥ አይመታም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ የተመታ ምስማር እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል፤ ቀን በሙቀት የሚሳብ ሌሊት በብርድ የሚሰበሰብ ቆርቆሮ ደግሞ ይበልጥ ይነቅለዋል። ስለዚህ የጎማ ሮንዴላ (ከራሱ ሥር የሚገባ ክብ ማሸጊያ) ያለው ቪት፣ ማለትም እየዞረ የሚገባ ባለ ጥርስ ምስማር፣ ይሻላል። ሲጠብቅ ጎማውን ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ ከብረቱ ጠርዝ ጋር እኩል ከሆነ ልክ ነው፤ ወደ ውጭ ካበጠ ከመጠን በላይ ጠብቋል፣ በጊዜ ሂደት ይሰነጠቃል፤ በጣት የሚዞር ከሆነ ላልቷል።

አናጢው ኢጋን በግራይንደር እንዲቆርጥ አትፍቀዱ። ፍንጣሪው ቀለሙን ያቃጥላል፤ ጠርዙም ዚንኩ ተቃጥሎ ከዚያው መዛግ ይጀምራል። በቆርቆሮ መቀስ ይቁረጥ፤ የብረት ፍርፋሪውም በዚያው ቀን ይጠረግ። ሲሚንቶ ከተረጨበት ሳይደርቅ እጠቡት። ተደራርቦ የሚቆየው ቆርቆሮ ዝናብ እንዳይነካው ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ሸፍኑት፤ በመሃሉ ውሃ ከገባ ሳይለበስ ነጭ ዝገት ያወጣል።

የቆርቆሮ እውነተኛ ጉድለቱ ጩኸትና ሙቀት ነው። ሁለቱንም ከኮርኒሱ በላይ የሚነጠፍ ማገጃ ያለዝባቸዋል፤ አየር መውጫ ቀዳዳም ተዉለት፤ አለዚያ ሌሊት ከቆርቆሮው ሥር የሚያልበው ውሃ ኮርኒሱን ያበላሻል።

ኮርኒስ ከመመታቱ በፊት በቀትር መስኮቶቹን ከልላችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። እንደ ኮከብ የሚያበራ ነጥብ ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ በጠመኔ አስምራችሁ አናጢው ሒሳቡን ሳይቀበል አስደፍኑት።